ሐኪሙ ሽማግሌ ይዘው የመጡ ዕለት

የሚጥል በሽታ እንዳለብኝ ቀጨኔ ውስጥ የሚያውቅ ሰው ባለቤቴ ብቻ ነበር፤ እሱም ሲሞት ምስጢሬን ይዞልኝ ሄደ። ያደግሁት ሌላ ሰፈር ነው። ወደ ቀጨኔ የመጣሁት በትዳር ስለሆነ በልጅነቴ ስወድቅ ያየኝ ሰው እዚህ የለም። መድኃኒቴን በሥርዓቱ ከወሰድኩ የሚጥለኝ አልፎ አልፎ ነው፤ ሊጥለኝ ሲልም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ስለሚያስታውቀኝ ወደ ጓዳ ለመግባት ፋታ አገኛለሁ። ባለቤቴ በሕይወት እያለ እንዲህ ሲሆን በሩን ዘግቶ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርግ ነበር። ሰፈሩ ሬዲዮ የምንወድ ሰዎች እንመስለው ነበር።

ይህን ያህል መደበቅ ምን አመጣው የሚለኝ ሰው ሥራዬን ይወቅልኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ። የቤቴ የፊት ክፍል ወደ መንገዱ ይከፈታል፤ የስፌት መኪናዬ ያለችው መስኮቱ ሥር ነው። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ የጠበበ ቀሚስ አሰፋለሁ፣ መጋረጃ እዘመዝማለሁ። የታወቅሁት ግን በክርስትና ልብስ ነው። ሰፈር ውስጥ ሕፃን ሲወለድ እናትየው ገና ከአራስ ቤት ሳትወጣ እህቷ ወይም እናቷ ጨርቁን ይዛ ወደ እኔ ትመጣለች። በሽታው ደግሞ በአረፋው ይጋባል፣ ሰይጣን ነው፣ በዘር ይሄዳል ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። የሚጥላት ሴት የነካካችውን ጨርቅ የትኛዋ አራስ ለልጇ ታለብሳለች? በሽታው የእኔ ባይሆን ኖሮ እኔም አላለብስም ነበር ይሆናል። እንግዲህ ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁት ይህንኑ ነው፤ ሰፈሬ እንዳያውቅብኝ።

ሆስፒታሌንም የመረጥኩት በርቀቱ ነው። ጉለሌ ውስጥ መታከም ስችል ሁለት ታክሲ ይዤ ከተማውን አቋርጬ እሄዳለሁ፤ ካርድ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ከጎረቤት ጋር ዓይን ለዓይን እንዳልጋጭ ብዬ። የሚያክሙኝ ዶክተር የታናሽ ወንድሜ እኩያ ቢሆኑ ነው፤ ግን አንቱ ካልኳቸው ወዲህ ዕድሜያቸውን ረስቼዋለሁ። ጥሩ ሰው ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ በማወራው ክፉ እንዳይመስሉ ነው። ሌላው ሐኪም ካርዱን ሲያይ፣ እሳቸው ሰውየውን ያያሉ።

አንድ ቀን ልቤን አዳምጠው ከጨረሱ በኋላ ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉና «አንድ ጥናት ልንጀምር ነው» አሉኝ። «የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ኑሯቸው ምን እንደሚመስል እናጠናለን። ግን እንደ ድሮው እኛ ጠያቂ፣ ታካሚው ተጠያቂ ሆኖ አይደለም። ታካሚዎች አብረውን ያቅዳሉ፣ አብረውን ይወስናሉ። እርስዎ አነጋገርዎ ደስ ይላል፤ አማካሪ ይሁኑን።»

«እኔ ምን አውቄ ነው የማማክረው ዶክተር?»

«በሽታውንማ ከእኔ ይበልጥ እርስዎ ያውቁታል።»

እንዲህ ያለኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ደስ አለኝ፤ ደስታዬን አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሰፈሬን እንደምፈራ ግን አልነገርኳቸውም፤ «ብቻ ሰው እንዳይሰማብኝ» አልኩ። እሳቸውም እዚያ የሚወራው እዚያው ይቀራል ብለው አረጋጉኝ።

ስብሰባው በየወሩ መጨረሻ ሐሙስ፣ ሆስፒታሉ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ማንም ከማንም በላይ እንዳይሆን ወንበሩ በክብ ተደርድሯል። ሁላችንም አንገታችን ላይ ስማችን ተንጠልጥሏል፤ የሐኪሞቹ ላይ እንኳ ማዕረግ አልተጻፈም። ይህ ሁሉ ሆኖ ዶክተሩ ሲገቡ እኛ ታካሚዎቹ ብድግ አልን። «ኧረ ቁጭ በሉ፣ እዚህ ሁላችንም እኩል ነን» አሉን። ቁጭ አልን። እኩል የሆንነው እሳቸው ስላሉን ነው፤ ቁሙ ቢሉንም እንደቆምን በዋልን ነበር።

የመጀመሪያው ቀን እያንዳንዳችን የማንረሳውን ነገር እንድንናገር ተጠየቅን። ተራዬ ሲደርስ መርካቶ ክር ልገዛ ሄጄ የወደቅሁበትን ቀን አነሳሁ። ሰው እንደከበበኝ፣ ክብሪት ጭረው አፍንጫዬ ሥር እንዳጨሱብኝ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው እጄን የያዘኝ እንደሌለ ተናገርኩና አቆምኩ። ዶክተሩ ቀስ ብለው «ከዚያስ? ይንገሩን፤ እዚህ የሚያሳፍር ነገር የለም» አሉ። እንግዲህ ነገርኳቸው። ስነቃ ቀሚሴ ረጥቦ ነበር። አንዲት ነጋዴ ካርቶን ወረወረችልኝ፤ በእሱ ከኋላዬ ተሸፍኜ እስከ ታክሲው ሄድኩ። የታክሲው ረዳት አየኝና «ወንበሩን ታበላሺብኛለሽ» ብሎ አወረደኝ። ይህን ለባለቤቴ እንኳ ነግሬው አላውቅም ነበር። ከሐኪሞቹ አንዷ እንባዋን ጠረገች። ቀለል አለኝ፤ አልዋሽም።

በሚቀጥለው ወር እንግዶች ነበሩ። ዶክተሩ «እስቲ የመርካቶውን» አሉኝ፤ ነገርኩ። በሌላው ወር ለጥናቱ ድጋፍ የሚያደርጉ ፈረንጆች መጡ፤ በአስተርጓሚ ነገርኩ። አስተርጓሚው ጨዋ ልጅ ነው፤ ቀሚሱ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እኔ ያላደረግሁትን እሱ አደረገልኝ። ከዚያ ወዲያ መጠየቅም ቀረ፤ ከሻይ በኋላ የእኔ ተራ መሆኑ የታወቀ ነገር ሆነ። አንድ ሐሙስ ደግሞ ወደ አዳራሹ ስንገባ ዶክተሩ ክንዴን ያዝ አድርገው «የቀሚሱን ነገር እንዳይረሱት» አሉኝ። ጃንጥላዎን እንዳይረሱ የሚሉኝ ነው የሚመስለው። ፊቴ እሳት ሆነ። አልረሳሁትም ግን፤ ነገርኩላቸው።

አማካሪ ተብዬ ምን አማከርኩ ስል የሚታወሰኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ጥያቄው ቤት ለቤት ይጠየቅ የሚል ሐሳብ ሲመጣ እጄን አወጣሁ። «ቤት ለቤትስ አትሂዱ» አልኩ። «ያ የሆስፒታሉ ላንድክሩዘር አርማውን ለጥፎ ሰው ደጃፍ ላይ ሲቆም ሰፈሩ ምን ሆና ነው ይላል። እኛ ሰፈር እንዲያ ያለ መኪና በባዶ ሜዳ አይመጣም።»

«በጣም ጥሩ ነጥብ!» አሉ ዶክተሩ። ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ትልቅ ወረቀት ላይ በአረንጓዴ ቀለም ተጻፈልኝ። ወረቀቱ ሲሞላ ሌላ ተለጠፈበት፤ ስለ ነጥቤ ያነሳም ሰው አልነበረም። ከሻይ በኋላ መርካቶን ነገርኩ።

የዚያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ከእንግዲህ አልሄድም አልኩ። ለግድግዳው ማለት ቀላል ነው። እኔ አፌ ስለት ነው፤ ጨርቅ ሻጭ በአንድ ክንድ ቢያጭበረብረኝ መድረሻ አሳጣዋለሁ። ለዶክተሩ ግን «ይህን ነገር መናገር ሰለቸኝ፣ አሳፈረኝ» የምትለዋን አጭር ነገር ማውጣት አቃተኝ። ሲደውሉ አላነሳሁም። ችግሩ ስብሰባውንም ሕክምናዬንም የያዙት አንድ ሰው መሆናቸው ነው። ከስብሰባው ቀርቼ በቀጠሮዬ ቀን ምን ብዬ ፊታቸውን አያለሁ? ስለዚህ ቀጠሮዬንም ቀረሁ። መድኃኒቴን ማብቃቃት ጀመርኩ፤ የጠዋቱን እየዘለልኩ የማታውን ብቻ እውጣለሁ። የጅል ሥራ መሆኑ አልጠፋኝም። እምቢ ከማለት መውደቅ ቀለለኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የዩኒፎርም ኮሌታ እየገጠምኩ ቀና ስል ላንድክሩዘሩን በመስኮቱ አየሁት። ቁልቁለቱን እየተንቀጠቀጠ ወርዶ ልክ ደጃፌ ላይ ቆመ። ዶክተሩ ወረዱ፤ ኮትና ከረባት አድርገዋል። ቀጥለው የእድራችን ሊቀመንበር ወረዱ። ከእሳቸው ቀጥለው የንስሐ አባቴ ሲወርዱ ሳይ መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጎረቤቴ እማማ ደግሞ ማንም ሳይጠራቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀላቀሉ፤ ሽማግሌ በደጃቸው ሲያልፍ ዝም ብለው የሚያዩ ሴትዮ አይደሉም።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ በኋላ ነው የሰማሁት። ዶክተሩ ስልክ ባላነሳሁላቸው ጊዜ መድኃኒቴ ያልቃል ብለው ሰጉ፤ እኔን ያስቀየሙኝ ነገር እንዳለም ጠረጠሩ። ቤቴን ሲያጠያይቁ ሰው ወደ እድሩ ሊቀመንበር መራቸው። ሊቀመንበሩ «ምን አድርጋችኋት ተቀየመች?» ሲሉ፣ ዶክተሩ የሚጥል በሽታ ጥናት ላይ አብራን ስትሠራ ነበር ብለው አንድ በአንድ አስረዱ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የምትናገር ሴት ከጎረቤቶቿ ትደብቃለች ብለው አላሰቡም። ሊቀመንበሩም «እንግዲያማ ብቻዎን አይሄዱም» ብለው የንስሐ አባቴን አስጠሩ። አገራችንን ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ አክብሮት የለም። ለበሽተኛው ሽማግሌ የላከ ሐኪም ማን ሰምቶ ያውቃል?

ወንበር ላቀርብ ስል የንስሐ አባቴ በእጃቸው ከለከሉኝ። «ልጄ፣ እሺ ሳትይን አንቀመጥም። ዶክተር አጥፍቼ ይሆናል ብለው ነው እኛን ይዘው የመጡት።»

«ኧረ አባ፣ ይቀመጡ። ምን ያጠፋሉ? ማንም አላጠፋም።»

«ካላጠፉ ለምን ቀረሽባቸው?»

የዚህ ጥያቄ መልስ ቀሚሱ ነው። ለፈረንጅ ተናግሬዋለሁ፤ ለንስሐ አባቴ ግን፣ መስቀላቸውን ይዘው ቆመው፣ እንዴት አድርጌ ልናገረው? ጎንበስ ብዬ የወደቀውን መቀስ አነሳሁ። ጭንቀቴን ያዩት ሊቀመንበር ሊያግዙኝ ፈለጉ። «በሕመምሽ አትፈሪ» አሉኝ። «ሰምተናል። የሚጥል በሽታ በአንቺ አልተጀመረ፤ እግዜር የሰጠው ነው። አይዞሽ።»

መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ደጅ ሰው ተሰብስቧል። እማማ ከንፈራቸውን መጠጡና «ይህን ሁሉ ዘመን ጎረቤት ሆነን? ምነው ብትነግሪኝ ልጄ!» አሉ፤ ደግሞ የእማማ ድምፅ እንኳን ደጅ ላለ ሰው ለቁስቋምም ይሰማል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

ዶክተሩን አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ክፋት ብፈልግ አጣሁ። አንገታቸውን ሰበር አድርገው «ሳላውቅ ያስቀየምኩዎት ነገር ካለ ይቅር ይበሉኝ» አሉና ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ሐኪሜ ጉልበቴ ላይ! ዘልዬ ትከሻቸውን ያዝኩ። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ። አባ መረቁን፣ ሁሉም ተቀመጡ፣ ለስላሳ መጣ። ዶክተሩ ፊታቸው በርቶ «እንግዲህ የወሩ መጨረሻ ሐሙስ እንጠብቅዎ?» ሲሉ እኔ አፌን ሳልከፍት ሊቀመንበሩ «ትመጣለች እንጂ! የት ትቀራለች!» አሉ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ሲወጡ የንስሐ አባቴ በሩ ላይ ወደ ኋላ ቀሩ። «ለእኔም ሳትነግሪኝ ልጄ?» አሉኝ።

«ሕመም ኃጢአት አይደለም ብዬ ነው አባ።»

«ኃጢአትማ አይደለም» አሉ። ሌላ ነገር ሊሉ አስበው ተዉት። መስቀላቸውን አሳለሙኝና ቀስ እያሉ ወደ መኪናው ሄዱ። ከዕለቱ ነገር ሁሉ የእሳቸው ማዘን ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ያን ሰሞን በእጄ የነበረው ሥራ የአንድ ወንድ ልጅ የክርስትና ልብስ ነበር። አራሷ ከእኛ ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው ቤቷ። ሰኞ ጠዋት እህቷ መጣች፤ ወደ ውስጥ አልገባችም፣ መስኮቱ ጋ ቆመች።

«እ... ማለቴ፣ ክርስትናው ተራዝሟል» አለችኝ። «ልጁን ጉንፋን ቢጤ ይዞታል። ጨርቁን ልውሰደውና... በቃ ሲደርስ እናመጣዋለን።»

የወንድ ልጅ ክርስትና በአርባ ቀኑ ነው። ጉንፋን አያራዝመውም። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ልብሱ አልቆ የቀረው ቁልፉ ብቻ ነበር። አጥፌ በፌስታል አድርጌ ሰጠኋት፤ «እግዜር ይማረው» አልኩ። ፌስታሉን በጫፉ ይዛ አመስግናኝ ሄደች። ቀኑ ሲደርስ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በደጃፌ አለፉ። ልጁ ከሱቅ የተገዛ ልብስ ለብሷል፤ እጅጌው ረዝሞ መዳፉን ውጦታል። ከመስኮቱ ራቅ ብዬ ቆምኩ፤ እኔን አይተው እንዳያፍሩ።

ክፉ የተናገረኝ ሰው አለ ብል እዋሻለሁ። እንዲያውም ሁሉም ደግ ሆኑብኝ። ባልዲ ሳነሳ ይቀበሉኛል፤ ጠበል በጠርሙስ ያመጡልኛል፤ እማማ በየጠዋቱ መስኮቴን መታ መታ እያደረጉ «ተነሳሽ?» ይሉኛል። ለልጅ የሚሰፋ ነገር ግን መምጣቱን አቆመ። የሚመጣልኝ መጋረጃ ብቻ ሆነ። መጋረጃ ሰው አይለብሰውም።

መድኃኒቴ ጨርሶ ያለቀው ከስብሰባው በፊት ባለው ሳምንት ነው። ወደ ሆስፒታሉ ስሄድ በሁለቱም ታክሲ ውስጥ የምለውን ስደረድር ነበር። ዶክተሩ ሲያዩኝ ደስ ብሏቸው ከወንበራቸው ተነሱ። እኔ ግን ሳልቀመጥ ጀመርኩ።

«ዶክተር፣ ሰፈሬ አያውቅም ነበር።»

«ምኑን?»

«በሽታዬን። እድሩም፣ የንስሐ አባቴም፣ ማንም አያውቅም ነበር። የነገሯቸው እርስዎ ነዎት።»

ቀስ ብለው ተቀመጡ። «እኔ እኮ... በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲናገሩ፣ እቤትዎማ የታወቀ መስሎኝ...» ብለው ሳይጨርሱት ቀሩ። እኔም ተቀመጥኩና የክርስትናውን ልብስ ነገርኳቸው። ስለ ጉንፋኑ፣ በጫፍ ስለተያዘው ፌስታል፣ ስለ ረዘመው እጅጌ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። «ይቅርታ» አሉኝ። አሁን ሽማግሌ የለ፣ ጉልበት መሳም የለ፤ አንድ ሰው አንድን ሰው በድሎ የሚለው ይቅርታ ነበር፤ አመንኳቸው። ከተዋወቅን ወዲህ እውነትም እኩል የሆንነው ያኔ ይመስለኛል።

ከዚያ ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲበራ አየሁት።

«ይሄ እኮ በጣም ትልቅ ነገር ነው» አሉ። «ተመራማሪ በደግነት ታካሚውን እንዴት እንደሚጎዳ... ሰዎች ይህን መስማት አለባቸው። ሐሙስ ከውጭ የሚመጡ እንግዶች አሉን። ልክ አሁን እንደነገሩኝ አድርገው ቢነግሩልን? ያቺን የክርስትና ልብስ በተለይ።»

ቁጣዬን ፈለግሁት። በሁለት ታክሲ ሙሉ ተሸክሜው የመጣሁት ቁጣ ነበር። እሳቸው ይህን ሲናገሩ እኔ ግን ለካ ሌላ ነገር እያሰብኩ ነው፤ ልጁ በደጃፌ ሲያልፍ የምለው ላይ ትንሽ ዝም ብል፣ አስተርጓሚው እስኪደርስብኝ ብጠብቅ፣ ሰው እዚያ ላይ እንደሚያለቅስ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ በራሴ አፍሬ አላውቅም።

«እሺ ዶክተር» አልኳቸው።